እምቢታው በጽሑፍ ይሰጥ፦ ስለ ጤና መድን ይግባኝ አሰማም ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር የጤና መድን ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይግባኝ የሚሰማበት ሥርዓት በመመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ሁሉም ይጠይቅ የነበረው «ሰዉ መዋጮውን ይከፍላል ወይ?» ብሎ ነበር። አሁን ጥያቄው ተገልብጧል። ሰዉ ከፍሏል፣ ደብተሩንም ይዟል። ታሞ ሲሄድ ወይም በውጭ ለገዛው መድኃኒት ደረሰኝ ይዞ ተመላሽ ሲጠይቅ «ይሄ አይሸፈንም» ከተባለ በኋላ ማን ዘንድ ሄዶ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ምን ይዞ ይከራከር?

ይህን የምንጽፈው በሕክምና ወጪ ምርመራ፣ በፋርማሲ፣ በሕሙማን ምዝገባና በሕግ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ከታች የምናነሣው ጉድለት የአንድ ቢሮ ወይም የአንድ ሆስፒታል ጠባይ አይደለም፤ መድን ባለበት ሁሉ የሚያጋጥም ነው። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት የሚበላሸው እምቢታው ራሱ ነው። ክልከላው አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት፣ በቃል ይነገራል። አባሉ ወረቀቱን መልሶ ይዞ ይወጣል፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደከለከለው የሚያሳይ ነገር በእጁ የለም። ከሳምንት በኋላ ቅሬታ ሊያቀርብ ቢመጣ «ማን ከለከለህ?» ይባላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ያልተጻፈ እምቢታ ቀን አይቆጠርለትም፣ ይግባኝም አይባልበትም። ስለዚህ የምንጠይቀው የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ ማንኛውም ክልከላ፣ ከፊልም ይሁን ሙሉ፣ በዚያው ቀን በግማሽ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ለአባሉ ይሰጥ። ናሙናው ይህን ይምሰል፦

«በመለያ ቁጥር … የተመዘገቡ አባል፣ የ1,840 ብር የመድኃኒት ተመላሽ ጥያቄዎ በ11/2/2017 ዓ.ም. አልተፈቀደም። ምክንያቱ፦ የጤና ተቋሙ ፋርማሲ ‹መድኃኒቱ የለም› የሚለውን ማኅተም ከነቀኑ በማዘዣው ላይ አልመታም። ማኅተሙ ተመትቶ እስከ 25/2/2017 ዓ.ም. ከቀረበ ጥያቄዎ ያለ ይግባኝ እንደገና ይታያል። በውሳኔው ካልተስማሙ እስከ 11/3/2017 ዓ.ም. ለይግባኝ ሰሚው ማመልከት ይችላሉ። የወሰነው ሠራተኛ ስምና ፊርማ …»

በዚህ ወረቀት ላይ ዋናው መስመር «እንደገና ይታያል» የሚለው ነው። እኛ ከምናውቃቸው ክርክሮች ብዙዎቹ የሕግ ክርክር አይደሉም፤ የጎደለች አንዲት ማኅተም ናቸው። የጎደለው ተለይቶ ከተነገረ ሰውየው ወደ ፋርማሲው ተመልሶ ያስመታል፣ ጉዳዩም ይግባኝ ሰሚ ችሎት ሳይደርስ ያልቃል። ማኅተሙን መምታት የነበረበት ደግሞ ፋርማሲው እንጂ አባሉ አልነበረም። በሌላ ሰው ስሕተት አባሉን መቅጣት እንደማይገባ መመሪያው በግልጽ ይበል።

ሌሎቹ የወረቀት ችግሮችም እንዲሁ አስቀድሞ ሊዘጉ የሚችሉ ናቸው። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። ሐኪሙ ማዘዣው ላይ 5/1/2017 ብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል። የፋርማሲው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ያንኑ ቀን 15/09/2024 ብሎ በፈረንጆቹ ያትማል። መርማሪው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያይ የሰባት ዓመት ልዩነት ያያል፤ ወይም ማዘዣውን እንደ ፈረንጅ ቀን አንብቦ «ጊዜው ያለፈ ማዘዣ» ይላል። ቀን አመሳክሮ መቀየር የመርማሪው ሥራ ይሁን፤ በአቆጣጠር ልዩነት ብቻ ጥያቄ አይውደቅ።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ድሬ ላይ አንድ ሰው በመድን ደብተሩ «ሙሐመድ»፣ በሆስፒታሉ ካርድ «መሀመድ»፣ በላቲን ፊደል ደግሞ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። የኦሮምኛና የሶማሊኛ ስሞች በግእዝ ፊደል ሲጻፉ አናባቢው እንደ ጸሐፊው ጆሮ ይለያያል። ፎቶውና የቤተሰቡ መለያ ቁጥር ከተመሳከሩ ፊደል ብቻውን ምክንያት መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ለከተማችን የተለየ ነው ማለት ይቻላል። ማሽኑ የሚያትመው ደረሰኝ በሙቀት የሚጽፍ ወረቀት ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል ወይም ጽሑፉ ይጠፋል። በድሬ ሙቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ የሰነበተ ደረሰኝ በይግባኙ ቀን ባዶ ወረቀት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ለአባላት የምንመክረው በገዙበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርገው ዋናውን ከፀሐይ እንዲያርቁ ነው፤ የኪስ ስልክ ፎቶም ይጠቅማል። ከእናንተ የምንጠይቀው ደግሞ ዋናውን የተቀበለው ሠራተኛ ወዲያው ኮፒ አንሥቶ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ብሎ እንዲፈርምበት ነው። እንዲህ የተረጋገጠ ኮፒ በችሎቱ እንደ ዋናው ይቆጠር።

አሁን ወደ እውነተኛው ክርክር እንምጣ። ከሙከራው ጊዜ ጀምሮ የታወቀው አሠራር አባሉ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ላይ እንዲሄድ ነው፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የገባ ከወጪው ግማሹን ራሱ እንዲሸፍን ይደረጋል። ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ነጻ ነው። ክርክሩ ታዲያ ሁልጊዜ «ድንገተኛ ነበር ወይ?» የሚል ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ቦታ ይፈለጋል። መርማሪው የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት ያያል፤ «የጨጓራ ሕመም» ይላል፤ «ጨጓራ ድንገተኛ አይደለም» ብሎ ይወስናል። ነገር ግን ሰውየው ሌሊት 7 ሰዓት የገባው ደረቱን ጨምድዶት፣ አልቦት ነው። ልብ ይሁን ጨጓራ በዚያ ሰዓት ሐኪሙም አያውቅም፤ ለማወቅ ነው የልብ ምርመራ ያዘዘው። እንግዲህ ችሎቱ መጠየቅ ያለበት የመግቢያውን የድንገተኛ ክፍል ልየታ ወረቀት ነው፦ የገባበት ሰዓት፣ የተናገረው ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ቁጥርና የሙቀት መጠን፣ የተሰጠው የአስቸኳይነት ቀለም ደረጃ። ማንኛውም ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው በዚያ ሁኔታ እስኪነጋ ጤና ጣቢያ ይጠብቅ ነበር ወይ? መለኪያው ይህ ይሁን። ልጅ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥበት ሌሊት ሆስፒታል የሮጠ አባት፣ በወባና በደንጊ በሚታወቅ ከተማ፣ ውጤቱ «ጉንፋን» ሆኖ በመገኘቱ ግማሽ ወጪ ሊጫንበት አይገባም።

ልየታ ወረቀቱ ያለው በሆስፒታሉ ነው፣ በአባሉ እጅ አይደለም። ስለዚህ ማስረጃ የማስመጣት ሸክም እንዲህ ቢከፈል እንላለን። አባልነትንና መዋጮ መከፈሉን አባሉ በደብተሩ ያሳይ። «ከሽፋን ውጭ ነው» ወይም «ድንገተኛ አልነበረም» የሚለውን ያለው መድኑ ነውና እሱ ያስረዳ። የሕክምና ፋይል ደግሞ ችሎቱ ራሱ በደብዳቤ ያስመጣ። ይህ በተለይ ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ተልኮ ለታከመ የድሬ ሰው ወሳኝ ነው፤ ሆስፒታሉ በሌላ አስተዳደር ክልል ውስጥ ስለሆነ በሽተኛውን «ሄደህ ወረቀት አምጣ» ማለት የአንድ ቀን ሥራና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ማስከፈል ነው።

ማን ይስማ? የከለከለው ሠራተኛና የቅርብ አለቃው አይቀመጡ፤ ይህ ሳይባልም የሚገባ ነው። የሚረሳው የገንዘቡ ነገር ነው። ይግባኙን የሚሰማው ሰው የመድኑን ወጪ በመቀነሱ የሚመዘን ከሆነ፣ ምንም ቀና ቢሆን፣ ከሳሽም ዳኛም ሆኗል። ሦስት ሰው ይበቃል እንላለን፦ ክርክር በተነሣበት ተቋም የማይሠራ አንድ የጤና ባለሙያ፣ ከአባላት ጠቅላላ ጉባኤ የተመረጠ አንድ ሰው፣ የሕግ ዕውቀት ያለው አንድ ሰብሳቢ። ተለዋጭ አባላት አስቀድመው ይሰየሙ፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፊት መቆም አይቀርም፣ ያኔ አባሉ ያለ ብዙ ማብራሪያ «ይነሡልኝ» ማለት ይችላል።

የችሎቱ አካሄድ ረጅም መሆን የለበትም። ለአንድ መዝገብ ሠላሳ ደቂቃ፣ በአንድ ጠዋት ከስድስት መዝገብ አይብለጥ። አባሉ ከቀጠሮው ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን በፊት ፋይሉን በነጻ ይይ፣ ኮፒም ይውሰድ። በዕለቱ ቀድሞ የሚናገረው መድኑ ይሁን። በተለመደው ልማድ አመልካች ይቀድማል፤ እዚህ ግን የከለከለው አካል ምክንያቱን ሳያስረዳ አባሉ ምኑን ይመልስ? ቀጥሎ አባሉ ይመልሳል፣ ሰሚዎቹ ይጠይቃሉ፣ የመጨረሻው ቃል የአባሉ ይሆናል። መድኑ በእምቢታው ወረቀት ላይ ያልጻፈውን አዲስ ምክንያት በችሎት ቢያነሣ ቀጠሮ ይለወጥ እንጂ እዚያው አይወሰንበት። አባሉ ቤተሰቡን፣ የዕድሩን ወይም የአፎሻውን (እንደ ዕድር ያለ የመረዳጃ ማኅበሩን) ሰው ይዞ ቢቀርብ የተረጋገጠ ውክልና አይጠየቅ፤ በችሎት «ይናገርልኝ» ብሎ በቃለ ጉባኤው መፈረሙ ይብቃ። የውክልና ማስረጃ ለማውጣት የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ አንዳንዴ ከክርክሩ ገንዘብ ይበልጣል።

በሩ ዝግ ይሁን። የሕመም ጉዳይ በአደባባይ አይነበብም።

ቋንቋን በተመለከተ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሦስቱም እኩል ይሠራበት። አስተርጓሚው የከለከለው ሠራተኛ ወይም የአባሉ ትንሽ ልጅ አይሁን፤ የስምንት ዓመት ልጅ የእናቷን የማሕፀን ሕመም ለሦስት እንግዳ ሰው እንድታስረዳ ማድረግ ነውርም ስሕተትም ነው። አስተርጓሚው የሰማውን አያሳጥር፤ አባሉ ሦስት ደቂቃ ተናግሮ «አልተስማማሁም ነው የሚለው» ተብሎ ከተመዘገበ ቃለ ጉባኤው ዋጋ የለውም። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት በአባሉ ቋንቋ ይነበብለት። በጣት አሻራ ለሚፈርም ሰው ከመድኑ ሠራተኛ ሌላ አንድ እማኝ ይፈርም።

ሰዓቱንም እናንሣ። ቀጠሮ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30 ይሁን። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አለ፣ ሰላት አለ፤ የጫት በርጫውንም ለሚያውቀው ማስረዳት አያስፈልግም። ከዋሂል ወይም ከጀልዴሳ ገጠር የሚመጣ ሰው መጨረሻ ላይ ይቀጠር፣ መኪና አግኝቶ እስኪደርስ። ያልቀረበ ሰው መዝገቡ ወዲያው አይዘጋ፤ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ በቂ ምክንያት ካቀረበ ይከፈትለት። ሕመም፣ ሐዘን፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የመጋላና የከዚራ ሰፈሮች የተቆራረጡበት ቀን፣ እነዚህ በቂ ምክንያት መሆናቸው በመመሪያው በስም ይጻፍ፣ ለሠራተኛው ስሜት አይተው። ቀን ሲቆጠርም «አንድ ወር» አይባል፤ ጳጉሜን አምስት ናት ወይስ ስድስት፣ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም የሚል ክርክር ይመጣል። «ሠላሳ ቀን፣ ወረቀቱ ከደረሰበት ማግሥት ጀምሮ» ይባል፤ የመጨረሻው ቀን በእሑድ ወይም በበዓል ላይ ከዋለ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይለፍ። ኢድ በጨረቃ እንደሚወሰንም አይዘንጋ።

አስቸኳይ ጉዳይ በዚህ ሁሉ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ኢንሱሊን ያለቀበት፣ የቀዶ ሕክምና ተራው የደረሰ፣ ክፍያ ስላልተረጋገጠ ከአልጋ መውጣት ያልቻለ፣ እነዚህ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ካስፈለገም በስልክ፣ በአንድ የጤና ባለሙያ ሰሚ ይወሰንላቸው። አስቸኳይ መሆኑን የሚያክመው ሐኪም በአንድ መስመር ከጻፈ ያ ይበቃል። ሙሉው ችሎት በኋላ ይቀመጣል።

ከዚህ የሚቀራረብ ግን የተለየ ጉዳይ አለ፦ መክፈል ስለማይችሉ መንግሥት መዋጮ ከሚከፍልላቸው ሰዎች ዝርዝር መሰረዝ። ይህ የአንድ ደረሰኝ ነገር አይደለም፤ የዓመት ሕክምና ይቋረጣል። ሰውየው መሰረዙን የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ ታሞ ካርድ ክፍል ሲደርስ ነው። በአሜሪካ ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች የጤና ሽፋን ደንብ፣ አገልግሎት ከመቋረጡ ቢያንስ 10 ቀን በፊት የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥ በመርሕ ያስገድዳል፤ ሰውየው ከማቋረጫው ቀን በፊት ይግባኝ ከጠየቀም ውሳኔ እስኪሰጥ አገልግሎቱ ይቀጥልለታል። ሐሳቡ የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዮች ከሰጠው ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው፤ ድሃን መጀመሪያ ቆርጦ በኋላ መስማት መስማት አይደለም የሚል። ለመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው 90 ቀን ለእኛ ረጅም ነው፣ እሱን አንቅዳ። አሥሩን ቀንና የአገልግሎቱን መቀጠል ግን እንውሰድ። ቀበሌው ዝርዝሩን በሰሌዳ መለጠፉ አይበቃም፤ የተሰረዘው ሰው ራሱ ፈርሞ ይቀበል። በችሎቱም ስለ ድህነቱ ጎረቤት ፊት እንዲናገር አይገደድ። መሬት፣ ከብት፣ ቋሚ ገቢ፣ የቤት ሁኔታ፣ የሚረዳው ልጅ፤ መስፈርቱ በወረቀት ይሞላ፣ የሚነሣውም ያ መስፈርት ብቻ ይሁን።

ውሳኔው ከችሎቱ በኋላ በአምስት የሥራ ቀን ይሰጥ። በውስጡ ምን ተከራከሩ፣ ምን ማስረጃ ታየ፣ የትኛው አንቀጽ ተጠቀሰ፣ ለምን እንዲህ ተወሰነ፣ ቀጥሎ ወዴት ይኬዳል የሚለው ይኑር። «ቅሬታው አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም» ብቻ የሚል ደብዳቤ ውሳኔ ብለን አንጠራውም። ለአባሉ ከተፈረደ ደግሞ የሚከፍለው ክፍልና የመክፈያው ቀን፣ ከ15 የሥራ ቀን ያልበለጠ፣ በውሳኔው ላይ ይጻፍ። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ያልተከፈለ የይግባኝ ውሳኔ «የአምናው በጀት ነው» እየተባለ እንዳይንከራተት ለዚሁ ትንሽ መጠባበቂያ ርእስ በየዓመቱ በጀት ውስጥ ይያዝ።

ይህ ሁሉ በሰርኩላር ደብዳቤ እንዳይወጣ አጥብቀን እንጠይቃለን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የድሬዳዋ አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትንም ይመለከታል። መመሪያ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ቀርቦ፣ ተመዝግቦ፣ በድረ ገጽ ተለጥፎ መውጣት አለበት፤ የአስተዳደር ውሳኔም በጽሑፍና ከነምክንያቱ ሊሆን ይገባል። በውስጥ ቅሬታ ያልረካ ሰው ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። ፍርድ ቤቱ በዋናነት የሚመረምረው ውሳኔው ሕጉን ተከትሎ መሰጠቱን ስለሆነ፣ በእናንተ ችሎት ያልተመዘገበ ነገር እዚያ ደርሶ ለማንሣት ይከብዳል። ይህ እናንተንም ይጠብቃል፤ በደንብ የተያዘ መዝገብ ያለው መድን ፍርድ ቤት ፊት ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

መመሪያው ተረቅቆ፣ አስተያየት ተሰብስቦበት፣ ተመዝግቦ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያው ማንንም ሳይጠብቁ ከነገ ጀምሮ ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ በእያንዳንዱ የመድን መስኮት ሁለት ቅጂ የሚያወጣ የእምቢታ ጥራዝ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ቅጠል ለአባሉ፣ አንዱ በጥራዙ ይቀራል። ሁለተኛው በየሦስት ወሩ ጥራዞቹን ሰብስቦ በምክንያት መለየት ነው፦ ስንቱ በማኅተም፣ ስንቱ በሪፈር፣ ስንቱ በስም፣ ስንቱ በሽፋን። አብዛኛው በአንድ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ማኅተም ጉድለት የመጣ ከሆነ የሚያስፈልገው ወደዚያ ፋርማሲ መሄድ ነው። የጥራዙንና የውሳኔውን ቅጽ ረቂቅ በሦስቱም ቋንቋ አዘጋጅተን ለማስረከብ ዝግጁ ነን፤ ክፍያ አንጠይቅበትም።

ከሰላምታ ጋር
በድሬዳዋ በሕክምና ወጪ ምርመራ፣ በፋርማሲ፣ በሕሙማን ምዝገባና በሕግ ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለጤና መድን አባላት ጠቅላላ ጉባኤ ተወካዮች
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም